የጅማን ዝናብ ከውቅያኖስ ጋር ምን አገናኘው?

ጥያቄው የደረሰን ከጅማ ከተማ ነው፤ እንዲህ ይላል። «አባቴ በጎማ ወረዳ ቡና ያመርታሉ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ፓስፊክ ውቅያኖስ ስለሞቀ አገሩ ሊደርቅ ነው ሲባል ሰነበተ፤ እኛ ዘንድ ግን እንደ ሰሜኑ አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በለቀማው ወራት ያልታሰበ ዝናብ ወርዶ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ሻገተብን፤ ያን ጊዜ የሕንድ ውቅያኖስ ነው ተባለ። ለመሆኑ የባሕር ውኃ እንደ ጊቤ ቁልቁለት ሳይኖረው እንዴት ይፈሳል? ቢፈስስስ ከእኛ ዝናብ ጋር ምን አገናኘው?»

ጥያቄዎ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ስለማይገባ ከውኃው እጀምራለሁ። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ላርም፤ ባሕርም ቁልቁለት አለው። በዓይን የማይታይ፣ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ብቻ ከፍና ዝቅ የሚል ቁልቁለት ነው፤ ሳተላይቶች ዛሬ በሴንቲ ሜትር ይለኩታል። ልዩነቱ ጊቤ ቁልቁለቱን ተከትሎ በቀጥታ ሲወርድ የውቅያኖስ ውኃ ግን ቁልቁለቱን በአግድም የሚሄድበት መሆኑ ነው። ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

ስለ ውቅያኖስ ጅረት ስንናገር ስለ ሞገድ እየተናገርን እንዳልሆነም ይያዝልኝ። ሞገድ ሲያልፍ ውኃው እዚያው ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ሩቅ አይሄድም፤ ጅረት ግን ውኃውን ራሱን ከአህጉር ወደ አህጉር ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ የጭነት መርከብ በፓስፊክ መካከል በማዕበል ሲናጥ ወደ 29,000 የሚጠጉ የልጆች መታጠቢያ መጫወቻዎች፣ ቢጫ ዳክዬዎች ጭምር፣ ባሕር ውስጥ ወደቁ። በወራት ውስጥ አላስካ ዳርቻ ላይ መታየት ጀመሩ፤ ከዓመታት በኋላም ከወደቁበት እጅግ ርቀው ይገኙ ነበር። ተመራማሪዎችም የዳክዬዎቹን መድረሻ እየመዘገቡ የጅረቶቹን ፍጥነት አስልተውበታል።

የላይኛውን የውቅያኖስ ውኃ በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው ነፋስ ነው። ነፋሱ ገጹን ሲዳብሰው ውኃው ይጎተታል፤ ፍጥነቱ ግን የነፋሱን 2 ወይም 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ኖርዌጂያዊው አሳሽ ፍሪድትዮፍ ናንሰን አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 መርከቡን ሆን ብሎ በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ አስይዞ ሲንሳፈፍ፣ በረዶው ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ሳይሆን ከዚያ ወደ ቀኝ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ዘወር ብሎ እንደሚጓዝ መዘገበ። ስዊድናዊው ቫግን ኤክማን እ.ኤ.አ. በ1905 ምክንያቱን በስሌት አሳየ፤ የምድር መሽከርከር ነው።

ይህን ለመረዳት ጅማ ላይ ቆመው ያስቡት። ከምድር ጋር አብረው እየዞሩ ወደ ምሥራቅ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዙ ነው። ስቶክሆልም ያለ ሰው ግን ወደ ዋልታው ስለሚቀርብና የሚዞርበት ክብ ስለሚጠብ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይጓዛል። እንግዲህ ከምድር ወገብ አካባቢ ወደ ሰሜን የሚሄድ ውኃ የተነሣበትን ፍጥነት ይዞ ስለሚሄድ፣ ዝግ ብላ የምትዞረውን ምድር ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ቀኙ፣ ይቀድማታል። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ተቃራኒው ይሆናል፤ ውኃው ወደ ግራ ይዞራል። የኮሪዮሊስ ኃይል የሚባለው ይህ ነው። የጅማ ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያላት ርቀት፣ ወደ 7 ዲግሪ ተኩል ስለሆነ እኛ ዘንድ ኃይሉ ደካማ ነው፤ በምድር ወገብ ላይ ጭራሹኑ የለም፤ ይህም ወደ ኤልኒኖ፣ ማለትም ወደ ፓስፊክ መሞቅ፣ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ኤክማን እንዳሳየው የነፋሱ ጉተታ ከገጹ ወደ ታች እየደከመ፣ አቅጣጫውም እየዞረ ስለሚሄድ፣ በላይኛው ንብርብር የሚጓዘው ውኃ በድምሩ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሳይሆን በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ከነፋሱ በስተ ቀኝ 90 ዲግሪ ዞሮ ይሄዳል። በሰሜን አትላንቲክ በደቡቡ በኩል ነፋሱ ወደ ምዕራብ፣ በሰሜኑ በኩል ደግሞ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ከሁለቱም ወገን የሚገፋው ውኃ መካከሉ ላይ ይከማቻል። በዚህ የተነሣ የውቅያኖሱ መካከል አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ የውኃ ኮረብታ ይሆናል። ውኃው ከዚህ ኮረብታ ሊወርድ ይነሣል፤ ገና መውረድ ሲጀምር ግን የምድር መሽከርከር ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ በመጨረሻም ስበቱ ወደ ታች፣ የኮሪዮሊስ ኃይል ወደ ላይ እየሳቡት ሚዛን ይገኛል። ያን ጊዜ ውኃው፣ ገበሬ ተዳፋት መሬት ላይ አግድም እንደሚያርሰው፣ ኮረብታውን አግድም እየዞረ ይፈሳል። አብዛኞቹ ታላላቅ ጅረቶች እንዲህ ያሉ ክብ ጉዞዎች ናቸው።

ክቡ ግን ወጥ አይደለም፤ በምዕራቡ ዳር ጠባብና ፈጣን፣ በምሥራቁ ሰፊና ቀርፋፋ ነው። አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ሄንሪ ስቶመል እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳየው ምክንያት የኮሪዮሊስ ኃይል ወደ ዋልታው በተጠጉ ቁጥር መጨመሩ ነው። ስሌቱ እዚህ አይገባም፤ ውጤቱን ግን ተመልከቱ። ገልፍ ስትሪም የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ጅረት በፍሎሪዳ በኩል ሲያልፍ በሰከንድ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ያሳልፋል። ዓባይ ወደ ሱዳን ሲሻገር አማካይ መጠኑ በሰከንድ 1,500 ሜትር ኩብ አካባቢ ስለሆነ፣ ያ አንድ ጅረት 20,000 ዓባይ ያህል ነው። የዓለም ወንዞች ሁሉ ተደምረው እንኳ ከሱ እጅግ ያንሳሉ።

ነፋስ የሚነካው ግን የላይኛውን ጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት ደግሞ ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። የታችኛውን የሚያንቀሳቅሰው የክብደት ልዩነት ነው። ሻይ ውስጥ ስኳር ጨምረው ሳያማስሉ ቢተዉት ጣፋጩ ከታች ይቀራል፤ ብዙ የሟሟበት ውኃ ይከብዳልና። የባሕር ውኃም ጨው በበዛበትና በቀዘቀዘ መጠን ይከብዳል። በግሪንላንድ፣ በላብራዶርና በአንታርክቲካ ዙሪያ ባሉ ባሕሮች የብርዱ ወራት ቅዝቃዜ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ውኃው በረዶ ሲሠራም ጨዉን ወደ ውጭ ስለሚተፋው በአካባቢው የቀረው ውኃ ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል። ይህ ከባድ ውኃ ወደ ወለሉ ሰምጦ ዓለምን ይዞራል፤ ተመልሶ ወደ ላይ እስኪወጣ እስከ 1,000 ዓመት ገደማ ሊፈጅበት ይችላል። ዛሬ እየወጣ ያለው የተወሰነው ውኃ የሰመጠው በአክሱም ዘመን መጨረሻ ላይ ነበር ማለት ነው።

ይህ ጥልቅ ዝውውር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከጣና ሐይቅ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ደለል ሐይቁ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበር አሳይቷል። በዚያው ዘመን ከሰሜን አሜሪካ የተላቀቁ ግዙፍ የበረዶ ተራሮች ሰሜን አትላንቲክ ውስጥ ሟሙተው፣ ንጹሕ ውኃቸው የላይኛውን ባሕር አቅልሎ መስመጡን አዳክሞት ነበር። የሰመጠውን ለመተካት ወደ ሰሜን የሚሄደው የአትላንቲክ ሙቅ ውኃ ሲቀንስ የአፍሪካ የዝናብ ቀበቶም እንደ ተዳከመ ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ጣናን ያደረቀው ብቸኛ ምክንያት ይህ ነው አልልም፤ ነገር ግን «ባሕር የሌለው አገር ባሕር አይመለከተውም» ለሚለኝ ሰው ሁልጊዜ የምጠቅሰው እሱን ነው።

ውኃ የአየር ጠባይን ሊገዛ የቻለው ሙቀት ስለሚሸከም ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት ያንኑ ያህል አየር ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከ3,000 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጅረት ሲንቀሳቀስ ተንቀሳቃሽ ምድጃ፣ ወይም ተንቀሳቃሽ ማቀዝቀዣ፣ ይሆናል። ምዕራብ አውሮፓ በተመሳሳይ ኬክሮስ ካለው የካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚሞቀው በገልፍ ስትሪም ነው ሲባል ሰምተው ይሆናል። አባባሉ ከፊሉ ብቻ እውነት ነው፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም በሞቃቱ ወራት የተጠራቀመውን የውቅያኖስ ሙቀት በብርዱ ወራት ወደ አውሮፓ ስለሚያመጣ ትልቅ ድርሻ አለው። የቀዝቃዛ ጅረት ምሳሌ ይበልጥ ግልጽ ነው። የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ብቻ ርቃ ሳለ የአየር ጠባይዋ ቀዝቀዝ ያለና ዝናብ አልባ ነው፤ ከጎኗ የሚያልፈው የሁምቦልት ጅረት ከደቡብ የሚመጣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲሆን፣ ነፋሱም የገጹን ውኃ ከዳርቻው ስለሚያርቀው ከታች ደግሞ ሌላ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። ከቀዝቃዛ ባሕር በላይ ያለ አየር አይነሣም፤ ካልተነሣ ደመና ከባድ ዝናብ አይሰጥም። የአታካማና የናሚብ በረሃዎች ባሕር ዳር ተቀምጠው የሚጠሙት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

አሁን ወደ ፓስፊክ እንሂድ። በተለመደው ዓመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሱት የንግድ ነፋሳት የሞቀውን የገጽ ውኃ ወደ ኢንዶኔዢያ ይገፉታል። በዚያ የባሕሩ ከፍታ ከደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ግማሽ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ሙቀቱም ከ28 ዲግሪ በላይ ይሆናል። በምድር ወገብ ላይ የኮሪዮሊስ ኃይል እንደሌለ ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ፤ ስለዚህ ይህን የውኃ ክምር ደግፎ የያዘው ነፋሱ ብቻ ነው። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ያኮብ ቢየርክኔስ እ.ኤ.አ. በ1969 እንደ ገለጸው ነፋሱና ሙቀቱ አንዱ አንዱን ይመግባሉ፤ ምዕራቡ ሲሞቅ አየሩ እዚያ ይነሣል፤ አየሩ ሲነሣ ነፋሱ ወደዚያ ይበረታል፤ ነፋሱ ሲበረታ ሙቅ ውኃው ይጨምራል። ዑደቱ ግን ወደ ኋላም ይዞራል። ነፋሱ ለጥቂት ሳምንታት ከደከመ የተከመረው ውኃ ወደ ምሥራቅ መንሸራተት ይጀምራል፤ ግፊቱም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ደቡብ አሜሪካ ይደርሳል። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ይህ ሙቀት በገና ሰሞን ስለሚታይ ሕፃኑ፣ ማለትም ሕፃኑ ኢየሱስ፣ ብለው በቋንቋቸው ኤልኒኖ አሉት። ተቃራኒው፣ ነፋሱ ከልክ በላይ ሲበረታ የሚሆነው፣ ላኒና ይባላል።

ውኃው ራሱ ወደ ኢትዮጵያ አይመጣም። የሚመጣው የአየሩ ለውጥ ነው። ሙቅ ውኃው ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ነጎድጓዳማው ደመና አብሮት ይሄዳል፤ በሐሩር ክልል ሁሉ አየር የሚነሣበትና የሚወርድበት ስፍራ ይናጋል። በክረምት ከሕንድ ወደ አፍሪካ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስ ይዳከማል፤ በደጋችን ላይ አየሩ ወደ ላይ የሚወጣበት ኃይልም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ኤልኒኖ በበረታ ዓመት በሰሜን፣ በሰሜን ምሥራቅና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምቱ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖች የምግብ እርዳታ ፈላጊ የሆኑት በዚህ ዓይነት ክረምት ነው።

ታዲያ ጅማስ? ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ መቀሌ የምታገኘው 600 ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም። የጅማ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ሲሆን፣ እርጥበቱም በአንድ በር ብቻ አይገባም። ከአትላንቲክ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ የሚመጣ አለ፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ አለ፤ ደኑ ራሱ አተንፍሶ የሚመልሰውም አለ። የኤልኒኖ ጫና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲደርስ ጨርሶ ባይጠፋም ከሰሜኑ ያነሰ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት በአጋሮ መንገድ ላይ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች ኤልኒኖ መጥቷልና ዝናቡ ይቆረጣል ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። ዝናቡ አልተቆረጠም። አንድ አዛውንት በሚቀጥለው ጊዜ ሲያገኙኝ «ልጄ፣ የነገርከን የወሎን ዝናብ ነበር» አሉኝ፤ ልክ ነበሩ። የአገር አቀፉ ትንበያ ሲነገር «አገሩ» የሚለው ቃል የትኛውን ክልል እንደሚያጠቃልል ሳልጠይቅ አላልፍም ያልኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የሕንድ ውቅያኖስ ጉዳይ ለአባትዎ ይበልጥ ይቀርባል። በሶማሊያ ዳርቻ የሚሄደው ጅረት በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን ይገለብጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ወደ ደቡብ ይሄድና፣ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ እስከ መስከረም ወደ ሰሜን በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይከንፋል። የሚገለብጠው የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች እንደ ግድግዳ ተደግፎ፣ ወገብን ተሻግሮ ወደ ሕንድ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ነው። የየመንና የጉጀራት መርከበኞች በአንዱ ወቅት መጥተው በሌላው የሚመለሱት ይህን አውቀው ነበር። በክረምቱም ነፋሱ የገጹን ውኃ ከዳርቻው ስለሚያርቀው ከታች ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣና በሶማሊያ በኩል የባሕሩ ሙቀት በአንዳንድ ስፍራ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል።

ለቀማውን የሚነካው ግን ከዚህ ቀጥሎ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚሆነው ነው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1999 የሕንድ ውቅያኖስ ባለ ሁለት ዋልታ ክስተት ብለው የሰየሙት ነገር አለ፤ በቀላሉ የሕንድ ውቅያኖስ የራሱ ኤልኒኖ ነው ማለት ይቻላል። በወገብ ላይ ያለው ነፋስ ሲዳከም ወይም ሲገለበጥ በኢንዶኔዢያዋ የሱማትራ ደሴት በኩል ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል፤ ሙቁ ውኃ ወደ እኛ፣ ወደ አፍሪካ ዳርቻ፣ ይከማቻል። በሞቀው ባሕር ላይ የተነሣው እርጥብ አየር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይገባል፤ የመኸሩ ዝናብም ከወቅቱ አልፎ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከኤልኒኖ ጋር ተደርቦ የዋቢ ሸበሌንና የጁባን ሸለቆዎች አጥለቀለቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 ማለትም በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በታሪክ ከተመዘገቡት ብርቱዎቹ አንዱ ታየ፤ ከዚያም ዝናቡ ለአንበጣው መራቢያ ሆነ። አባትዎን የነካቸው የዚያ ሳይሆን አይቀርም፤ የአንድ ቦታን የአንድ ሳምንት ዝናብ ለአንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ግን ልማዴ አይደለም። በተቃራኒው የላኒና ዓመታት በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ያለውን የመኸርና የበልግ ዝናብ ያመነምናሉ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቦረናን ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች ያደረቀው የዚህ ዓይነቱ ነበር።

ለአባትዎ የምመክረው ይህ ነው። በክረምት ኤልኒኖ ተባለ ሲባል ለጅማ ምን ማለት እንደሆነ የዞኑን ትንበያ ይጠይቁ እንጂ የአገሩን አጠቃላይ አባባል አይያዙ። መስከረም አካባቢ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋውን ትንበያ ሲያወጣ ደግሞ ስለ ፓስፊክ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ምን እንዳለ ለይተው ያንብቡ። የምዕራቡ ሕንድ ውቅያኖስ ከተለመደው ሞቋል ከተባለ፣ በተለይ ኤልኒኖ ከተደረበበት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ዝናብ ይጠብቁ። በእንዲህ ያለው ዓመት እሸቱን በአንድ ጊዜ ከመልቀም ቀዩን ብቻ እየለዩ በየተራ መልቀም፣ አልጋው ላይ የሚሰጣውን ስስ ማድረግ፣ የሚሸፈንበትን ላስቲክ ደመና ሳይታይ በፊት ማዘጋጀት፣ ማታም ሲሸፍኑ ከሥር አየር እንዲገባ መተው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነልጣጩ የሚደርቀውን ቡና፣ ከሻጋታ ይታደጋል። ላስቲኩ በቀን ፀሐይ ሳለ ከተተወ ግን ከዝናቡ የባሰ ያጠፋል፤ ከሥሩ ይታፈንና ያልባል፤ በጅማ ዙሪያ ብዙ ቡና ሲበላሽ ያየሁት በዚህ ነው።